ሙያ በስልክ መስኮት ሲተዋወቅ፦ ሐቀኛውን ማስታወቂያ ከአማላዩ እንዴት እንለይ?

ባሕር ዳር፦ ወቅቱ የእርሻ ነው እንበል። ከአንድ አርሶ አደር ሁለት በሬዎች አንዱ ማለዳ ሲታይ ለሀጩ ይዝረበረባል፤ ያነክሳል፤ በምላሱና በሰኮናው ስንጥቅ መካከል ቁስል ወጥቶበታል። መኖም አልቀምስ ብሏል። የወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ሩቅ ነው። ከተማ የሚማረው ልጅ ስልኩን ከፍቶ ሲፈልግ አንድ የቴሌግራም ማስታወቂያ ያገኛል፦ «አፍተ እግርን በአንድ መርፌ ከሥሩ እንነቅላለን! መቶ በመቶ ዋስትና! ቅድሚያ ክፍያውን በቴሌብር ይላኩ፤ መድኃኒቱ በመኪና ይደርስዎታል።»

ይህ ለማሳያ የቀረበ እንጂ የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም። ሆኖም በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በቲክቶክ የሚዘዋወሩ የባለሙያ ማስታወቂያዎችን የተመለከተ ሰው ሁሉ መልኩን ያውቀዋል። የእንስሳት ሐኪሙ፣ ጠበቃው፣ የሒሳብ ባለሙያው፣ ቀያሹና የእርሻ አማካሪው ዛሬ ደንበኛን የሚፈልጉት በቢሯቸው በር ላይ በተሰቀለ ሰሌዳ ብቻ አይደለም፤ በስልክ መስኮትም ጭምር ነው። ይህ በራሱ መልካም ነገር ነው። ከዚህ ቀደም ባለሙያ የት እንዳለ የማያውቅ የገጠር ነዋሪ አሁን ጠይቆ ሊያገኝ ይችላል። ችግሩ ያለው ማስታወቂያው በሚነገርበት መንገድ ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የሙያ አገልግሎት በኢንተርኔት ሲተዋወቅ ሊከበር የሚገባውን ሥነ ምግባር ማብራራትና ተገልጋዩ ራሱን እንዴት እንደሚጠብቅ ማመልከት ነው።

ሙያ እንደ ጤፍ በእፍኝ አይታይም

ጤፍ የሚሸምት ሰው ከጆንያው በእፍኙ ዘግኖ ያያል፤ እፍ ብሎ ገለባና አፈሩን ይለያል። በሬ የሚገዛም ጥርሱን ገልጦ፣ አረማመዱን አይቶ፣ ጎረቤት አማክሮ ይገዛል። የሚገዛው ነገር ከፊቱ ስለሆነ ሻጩ ቢያጋንን እንኳ ዓይኑና እጁ ይመሰክሩለታል።

የባለሙያ አገልግሎት ግን እንዲህ አይደለም። የጠበቃ ዕውቀት በእጅ አይዳሰስም። የሐኪም ውሳኔ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ሐኪም መሆንን ይጠይቃል። አንዳንድ ጊዜም ተገልጋዩ ከአገልግሎቱ በኋላ እንኳ ጥሩ ይሁን መጥፎ መለየት አይችልም። በሬው ቢድን በመድኃኒቱ ይሁን በራሱ ጊዜ አይታወቅም፤ ክርክሩ ቢረታም ጥፋቱ የጠበቃው ይሁን የማስረጃው እጥረት ለባለጉዳዩ ግልጽ አይሆንለትም። ተገልጋዩ የሚገዛው በዋናነት እምነትን ነው።

ለባለሙያ ማስታወቂያ ከተራ ሸቀጥ ማስታወቂያ የላቀ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። የሳሙና ማስታወቂያ ቢያጋንን የሚጠፋው የአንድ ሳሙና ዋጋ ነው። የሐኪም ማስታወቂያ ቢዋሽ ግን በሬው ይሞታል፤ የጠበቃ ማስታወቂያ ቢዋሽ የይግባኝ ጊዜ ያልፋል፤ የሒሳብ ባለሙያ ማስታወቂያ ቢዋሽ በነጋዴው ላይ ቅጣት ይከመራል። ያለፈ የእርሻ ወቅትና ያለፈ የይግባኝ ቀን ደግሞ በገንዘብ ተመላሽ የሚካስ አይደለም።

ክርክሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም

ባለሙያ ራሱን ማስተዋወቅ ይገባዋልን? የሚለው ጥያቄ ከኢንተርኔት በፊትም ነበር። በብዙ አገሮች ጠበቆችና ሐኪሞች ማስታወቂያ ማውጣት የሙያውን ክብር ዝቅ የሚያደርግ ተደርጎ ይታይ ስለነበር የተከለከለ ነበር። በአሜሪካ አሪዞና ግዛት ባትስ እና ኦስቲን የተባሉ ሁለት ወጣት ጠበቆች ቀላል ለሆኑ የሕግ ጉዳዮች የሚያስከፍሉትን ዋጋ ዘርዝረው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1976 በጋዜጣ አስነገሩ። የግዛቲቱ የጠበቆች ማኅበርም ከሰሳቸው። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1977 ውሳኔ አገኘ። ፍርድ ቤቱ እውነተኛ የሆነ የጠበቃ ማስታወቂያን ሙሉ በሙሉ መከልከል እንደማይገባ፣ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች የሆነውን ግን መከልከል እንደሚቻል ወሰነ።

የውሳኔው ፍሬ ነገር ለእኛም ግልጽ ነው። ማስታወቂያ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ውሸቱ ነው። ዋጋውንና የሥራውን ዓይነት በግልጽ የሚናገር ባለሙያ ድሀውን ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ዘመድ አዝማድ የሌለው ሰው በአማላጅ ሳይሆን በመረጃ ባለሙያውን ማግኘት ይችላል።

የአገራችን ሕግ ምን ይላል?

በኢትዮጵያ ማስታወቂያን የሚመለከተው ዋናው ሕግ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ነው። አዋጁ ማስታወቂያ ከሚያሳስት አገላለጽ የጸዳ እንዲሆን፣ የአገልግሎቱን ትክክለኛ ባሕርይና ጥራት እንዲገልጽ፣ የሌላውን ሰው ምርት ወይም አገልግሎት እንዳያንኳስስ ያዛል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ስለ ዕቃና አገልግሎት የሚነገር የንግድ ማስታወቂያ በማናቸውም መንገድ ቢነገር ሐሰተኛ ወይም አሳሳች መሆን እንደሌለበት ይደነግጋል። «በማናቸውም መንገድ» ሲባል የቴሌግራም ቻናልንም ይጨምራል፤ ማስታወቂያው በሬዲዮ ሳይሆን በስልክ ስለመጣ ከሕግ ውጭ አይሆንም።

ከዚህ በተጨማሪ ሙያዎቹ የየራሳቸው ሕግ አላቸው። የፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ በር የከፈተ ሲሆን፣ በጥብቅና ለመሥራት ፈቃድ ማስፈለጉን አጽንቷል። የሒሳብና የኦዲት ሙያን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። የእንስሳት መድኃኒትን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 728/2004 ወጥቶ፣ ቁጥጥሩ ዛሬ በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሥር ይገኛል። የተገልጋዩን የግል መረጃ የሚጠብቀው ደግሞ በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ነው።

ሕጉ ግን የመጨረሻው ወለል ነው። በሕግ የማያስጠይቅ፣ ሆኖም ለአንድ ባለሙያ የማይገባ ብዙ ነገር አለ። ሥነ ምግባር የሚባለውም ከዚህ ወለል በላይ ያለው ነው። ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው።

አንደኛ፦ ውጤትን አለመማል

ሐቀኛ ባለሙያ የሚሠራውን ይናገራል እንጂ የሚመጣውን አይምልም። ወደ በሬው እንመለስ። አፍተ እግር በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው፤ ቫይረሱን የሚገድል መርፌ የለም። ሐኪሙ ሊያደርግ የሚችለው ቁስሉን ማጽዳት፣ በቁስሉ ላይ ሌላ ተሕዋስ እንዳይደርብ መከላከል፣ የታመመውን ከጤነኛው መለየትና ለወደፊቱ ክትባትን ማመቻቸት ነው። ያደጉ ከብቶች ብዙውን ጊዜ በጊዜ ሂደት ያገግማሉ፤ ጥጆች ግን ሊሞቱ ይችላሉ። እንግዲህ «በአንድ መርፌ አድናለሁ» የሚል ሰው ወይ በሽታውን አያውቅም፣ ወይ አውቆ ያታልላል። በሬው ከሳምንታት በኋላ በራሱ ሲያገግም ምስጋናውን መድኃኒቱ ይወስደዋል፤ ማስታወቂያውም አዲስ ምስክር ያገኛል።

ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አያበቃም። በቆላማ አካባቢዎች በቆላ ዝንብ የሚተላለፈውን የገንዲ በሽታ እንመልከት። የገንዲ መድኃኒት ያለ ምርመራና ያለ ትክክለኛ መጠን በተደጋጋሚ ሲሰጥ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ መድኃኒት የተላመደ ገንዲም በአገራችን በጥናት የተረጋገጠ ችግር ነው። የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ተወግታ የመታገሻ ጊዜዋን ያልጨረሰች ላም ወተቷ ለልጆች ሲቀርብም የመድኃኒቱ ቅሪት ወደ ሰው ይገባል። «ሐኪም አያስፈልግም፣ ራስዎ ይውጉ» የሚል ማስታወቂያ ይህን ሁሉ ይዞ ይመጣል።

በጥብቅናም እንዲሁ ነው። «የመሬት ክርክርዎን በእርግጠኝነት እናሸንፋለን» የሚል ማስታወቂያ የማይችለውን ቃል ይገባል። ፍርዱ በማስረጃ፣ በሕግና በዳኛ ውሳኔ ላይ ይመሠረታል፤ በእነዚህ ላይ ጠበቃው ጌታ አይደለም። «ዳኛውን እናውቀዋለን» ወይም «መንገዱን እናውቃለን» የሚል ቃል ያለበት ማስታወቂያ ደግሞ ከማጋነን አልፎ ሙስናን የሚያሻሽጥ ነው። ጠበቃው ሊል የሚችለው «በመሬት ይዞታ ጉዳዮች ላይ ይህን ያህል ዓመት ሠርቻለሁ፤ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርዎንና ያለዎትን ሰነድ ይዘው ቢመጡ የጉዳይዎን ጥንካሬና ድካም እነግርዎታለሁ» ብሎ ነው። ይህ ንግግር እንደ መጀመሪያው አያማልልም፤ ነገር ግን እውነት ነው።

የሒሳብ ባለሙያውም «ግብርዎን በግማሽ እናስቀራለን» ማለት አይችልም። ግብሩ የሚወሰነው በገቢውና በሕጉ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት የሒሳብ ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ደንብ ባለሙያው ራሱን ሲያስተዋውቅ ሐቀኛ እንዲሆን፣ ስለ አገልግሎቱ፣ ስለ ብቃቱና ስለ ልምዱ እንዳያጋንን፣ የሌሎችን ሥራ እንዳያጣጥልና ማስረጃ የሌለው ንጽጽር እንዳያቀርብ በግልጽ ይከለክላል። «በክልሉ አንደኛ» የሚለው የተለመደ አባባል እንኳ በዚህ ሚዛን ሲታይ «በማን መለኪያ?» የሚል ጥያቄ ይነሣበታል።

ሁለተኛ፦ የደንበኛን ምስጢር መጠበቅ

የሥራ ውጤትን በፎቶ ማሳየት በማኅበራዊ ሚዲያ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ የባለሙያ ሥራ ውጤት የሌላ ሰው ሕይወት ነው። ጠበቃው የረታበትን ፍርድ ከነባለጉዳዮቹ ስም ቢለጥፍ የወንድማማቾችን የመሬት ጠብ በአደባባይ አወጣው ማለት ነው። ፍርዱ በይፋ ችሎት የተሰጠ ቢሆን እንኳ የደንበኛውን ስም ለገበያ መጠቀም ሌላ ነገር ነው። የሒሳብ ባለሙያው የደንበኛውን ደረሰኝ ከበስተጀርባ አድርጎ ፎቶ ቢነሣ የነጋዴው ሽያጭ ለተፎካካሪው ይገለጣል።

በእንስሳት ሕክምናም ምስጢር አለ። የታመመ መንጋ ፎቶ ከነቀበሌው ስም ቢለጠፍ በአካባቢው የከብት ገበያ ላይ ድንጋጤ ሊፈጥር፣ ባለቤቱንም በጎረቤት ዘንድ ሊያስገልል ይችላል። ይህ ማለት ግን በሽታ ይደበቅ ማለት አይደለም። አባ ሰንጋን የመሰለ ለሰው የሚተላለፍ በሽታ ሲጠረጠር ሐኪሙ ወዲያውኑ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ሪፖርቱ የሚደርሰው ለሚመለከተው ተቋም ነው፤ «እኛ ደርሰን ያገኘነው» እያሉ ለተከታይ ማብዣ ማዋል ግን ሌላ ነው።

ፈቃድ መጠየቅም በወጉ ሊሆን ይገባል። በሬው መሬት ላይ ወድቆ፣ ባለቤቱ በጭንቅ ላይ ሳለ «ቪዲዮ ልቅረጽዎት?» ተብሎ የሚገኝ እሺታ ነጻ ፈቃድ አይደለም። ምስሉ የት እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚያየውና በኋላ «አጥፉልኝ» ማለት እንደሚቻል በግልጽ ተነግሮ፣ እምቢ ቢባልም በአገልግሎቱ ላይ ለውጥ እንደማይኖር ታውቆ የሚሰጥ ፈቃድ ነው ፈቃድ የሚባለው።

ሦስተኛ፦ የተገዛ ምስክርነትን አለመጠቀም

በገጠር «ማን ዘንድ ሄድህ? እንዴት አገኘኸው?» ብሎ መጠየቅ ጥንታዊው የባለሙያ መለያ መንገድ ነው። በኢንተርኔት ይህን ቦታ የያዙት የደንበኞች አስተያየት፣ የተከታይ ብዛትና የ«ላይክ» ቁጥር ናቸው። እነዚህ ሁሉ ግን በገንዘብ የሚገዙ ሆነዋል። አሥር ሺህ ተከታይ ያለው ገጽ ምናልባት አሥር እውነተኛ ደንበኛ አይኖረው ይሆናል።

የሐሰት ምስክርነት ከቀጥተኛ ውሸት የከፋ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ባለሙያው ስለ ራሱ ሲያጋንን ሰሚው «ስለ ራሱ ነው የሚያወራው» ብሎ ይጠረጥራል። ምስክርነት ግን ከሦስተኛ ወገን የመጣ ስለሚመስል ጥርጣሬን ያስጥላል። የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እንደ አውሮፓውያኑ በ2024 ሐሰተኛ የደንበኛ አስተያየቶችን መሸጥና መግዛትን፣ የተገዛ ተከታይን ለንግድ ማታለያ መጠቀምንም የሚከለክል ደንብ ያወጣው ችግሩ የዓለም ሁሉ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ሐቀኛ ባለሙያ የራሱን ሠራተኛ ወይም የቤተሰቡን አባል ደንበኛ አስመስሎ አያናግርም። ታዋቂ የቲክቶክ ሰው ከፍሎ ካስተዋወቀ «ይህ የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው» የሚለው ቃል በግልጽ እንዲነገር ያደርጋል። ቅር የተሰኘ ደንበኛ የጻፈውን አስተያየት አጥፍቶ ምስጋናውን ብቻ አያስቀርም። ለወቀሳው በትሕትና የሚሰጥ መልስ ከመቶ ምስጋና ይልቅ ባለሙያውን ያስከብራል። በኮምፒውተር የተፈጠረ የ«ዳነ በሬ» ምስል ወይም ከሌላ አገር ገጽ የተወሰደ ቪዲዮ የራስ ሥራ አስመስሎ ማቅረብም ከዚሁ የሚቆጠር ነው።

አራተኛ፦ ጭንቀትን አለመነገድ

«ዛሬ ካልደወሉ መሬትዎን ያጣሉ!»፣ «ይህ ቅናሽ እስከ ማታ ብቻ ነው!» የሚሉ ማስታወቂያዎች ሰው አስቦና አማክሮ እንዳይወስን የሚያደርጉ ናቸው። ለልብስ መሸጫ የሚፈቀደው ማጣደፍ ለባለሙያ አይፈቀድም። ወደ ባለሙያ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ የተጨነቀ ነው፤ በጭንቀቱ ላይ ጭንቀት ጨምሮ ገንዘብ መቀበል ከደካማ ላይ መንጠቅ ነው።

በእርግጥ እውነተኛ አጣዳፊ ጉዳይ አለ። ይግባኝ የማቅረቢያ ጊዜ በሕግ የተወሰነ ነው፤ ክትባትም ወቅት አለው። ጠበቃው «ውሳኔ የተሰጠዎት ከሆነ የይግባኝ ጊዜ እንዳያልፍብዎት በቶሎ ባለሙያ ያማክሩ፤ እኛን ባይሆን እንኳ ሌላ» ብሎ ቢጽፍ ማጣደፉ ለባለጉዳዩ ጥቅም ነው። ልዩነቱ ያለው ቃሉ ማንን እንደሚጠቅም ላይ ነው።

ሐቀኛ ማስታወቂያ ምን ይመስላል?

ከላይ የተነገረው ሁሉ ክልከላ ከመሰለ፣ መልካሙ ማስታወቂያ እንዴት እንደሚጻፍ ማሳየት ይገባል። ያ የበሬ መርፌ ማስታወቂያ በሐቀኛ እጅ ቢጻፍ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የሙያ ፈቃዴ በዚህ ገጽ ላይ ይታያል። ክሊኒኩ ከከብት ገበያው አጠገብ ይገኛል፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነው። የምርመራ ዋጋው ከዚህ በታች ተጽፏል፤ የመድኃኒት ዋጋ እንደ በሽታው ይለያያል፤ ከመስጠታችን በፊት ግን እንነግርዎታለን። አፍተ እግር በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ቫይረሱን የሚያጠፋ መርፌ የለንም። ቁስሉን እናክማለን፤ ሌሎቹ ከብቶች እንዳይያዙ ምን ማድረግ እንዳለብዎት እናሳይዎታለን።»

በዚህ ማስታወቂያ ውስጥ ፈቃድ፣ ቦታ፣ የሥራ ቀናት፣ ዋጋና የአገልግሎቱ ወሰን አለ። ከሁሉም በላይ «ይህን አንችልም» የሚል ቃል አለ። አንድ ባለሙያ የማይችለውን ሲናገር የሚችለውን ስለ መቻሉ ይታመናል።

ስልኩ ሲደወልም ማስታወቂያው አያልቅም። «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፤ በሬዬ ታሞብኝ ነው የደወልሁ፤ እባክዎ መድኃኒቱን ይላኩልኝ» ለሚል አባት ሐቀኛው ሐኪም «ጤና ይስጥልኝ አባቴ። ሳላየው መድኃኒት ብልክልዎት ገንዘብዎን ብቻ መውሰድ ይሆንብኛል። መቼ ጀመረው? ሌሎቹ ከብቶችስ ደህና ናቸው? እስክመጣ ድረስ ለብቻው ይሰሩት፤ በአንድ ገንዳ አያጠጧቸው» ብሎ ይመልሳል። ይህ ንግግር ከአሥር ማስታወቂያ የበለጠ ስሙን በመንደሩ ያስጠራዋል።

በፎቶ ብቻ በሽታን መወሰንም አደጋ አለው። በድንገት ሞቶ የተገኘ ከብት ፎቶ ተልኮ «ምን ይሆን?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ የአባ ሰንጋ ጥርጣሬ ካለ በድኑን መክፈት በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሚኖረውን የበሽታውን ዘር መበተን ነው፤ የሚበላውም ሰው ለሞት ሊዳረግ ይችላል። ስለዚህ በገጹ ላይ አጠቃላይ ትምህርት መስጠት ተገቢ ሲሆን፣ ለአንድ የተወሰነ በሽተኛ ሕክምና ማዘዝ ግን በአካል ምርመራ ሊሆን ይገባል። ጠበቃውም በአስተያየት መስጫ ሥር በተጻፈ ሁለት መስመር ላይ ተመሥርቶ የሕግ አስተያየት መስጠት የለበትም።

«ሌላው እየዋሸ እኔ እውነት ብናገር አልከስርም?»

ይህ የሐቀኛ ባለሙያዎች እውነተኛ ሥጋት ነው፤ በቀላሉ የሚታለፍም አይደለም። በአጭር ጊዜ ውስጥ ደማቁ ማስታወቂያ ብዙ ስልክ ያስደውላል። ወጣት ባለሙያ ኪራይ ከፍሎ፣ ዕቃ ገዝቶ ክሊኒክ ከከፈተ በኋላ ደንበኛው ወደ አማላዩ ሲሄድ ማየት ያማል።

ሆኖም የሙያ አገልግሎት የአንድ ቀን ሽያጭ አይደለም። በአንድ ወረዳ ያለው ገበሬ ሁሉ በገበያ፣ በሰንበቴና በለቅሶ ቤት ይገናኛል። አንድ ጊዜ የተታለለ ሰው ለብዙዎች ይናገራል፤ አንድ ጊዜ «ይህን አልችልም፣ ወደ ወረዳው ክሊኒክ ይሂዱ» የተባለም ሰው እንዲሁ ይናገራል። ስለዚህ ለሐቀኛ ባለሙያ ከሁሉ የሚሻለው የማስታወቂያ ዘዴ ማስተማር ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት የክትባት ወቅትን ማስታወስ፣ የታመመ ከብት እንዴት እንደሚለይ በአጭር ቪዲዮ ማሳየት፣ የግብር ማሳወቂያ ጊዜ ሲደርስ ነጋዴው ምን ሰነድ ማዘጋጀት እንዳለበት መዘርዘር፣ የመሬት ኪራይ ውል ሲዋዋሉ ምን መጻፍ እንዳለበት ማስረዳት ይቻላል። እንዲህ ያለ ትምህርት ደንበኛ ላልሆነውም ይጠቅማል፤ የባለሙያውን ዕውቀት ደግሞ ያለ ምንም ማጋነን ያሳያል። በእፍኝ የማይታየው ሙያ በጥቂቱም ቢሆን የሚታየው በዚህ መንገድ ነው።

ተገልጋዩ ምን ይጠይቅ?

ከስልክ መስኮት ባገኙት ባለሙያ ከመተማመንዎ በፊት የሚከተሉትን ይጠይቁ፦

የመጀመሪያው፣ ፈቃዱ የት ነው? የሙያ ፈቃዱን ማን እንደሰጠው ይጠይቁ፤ የፈቃዱን ፎቶ ማየት ብቻ በቂ ስላልሆነ ከሰጪው መሥሪያ ቤት ያረጋግጡ። በክልል ፍርድ ቤቶች የሚሠሩ ጠበቆችን የክልሉ ፍትሕ ቢሮ፣ የእንስሳት ሐኪምን የወረዳው የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት፣ የሒሳብ ባለሙያን የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርዱ ያውቃቸዋል።

ሁለተኛው፣ በአካል የት ይገኛል? የስልክ ቁጥር ብቻ ያለው፣ «ቢሮ አያስፈልግም፣ ሁሉም በኦንላይን ነው» የሚል ባለሙያ ችግር ሲፈጠር አይገኝም።

ሦስተኛው፣ ገንዘቡ ወደ ማን ይገባል? ክፍያ የሚላክበት የባንክ ሒሳብ ወይም የቴሌብር ስም ከድርጅቱ ወይም ከባለሙያው ስም ጋር ካልገጠመ ይቁሙ። ከከፈሉም ደረሰኝ ይቀበሉ።

አራተኛው፣ ባይሳካስ? ይህን ጥያቄ ሲጠየቅ «አይሳካም የሚባል ነገር የለም» ብሎ የሚመልስን ሰው ይጠርጥሩ። ሐቀኛው የሚሆነውንና የማይሆነውን ለይቶ ይነግርዎታል።

አምስተኛው፣ ከዚህ በፊት ማን ዘንድ ሠርቷል? በገጹ ላይ ያለውን አስተያየት ሳይሆን በአካባቢዎ ያለ፣ በአካል ሊያገኙት የሚችሉትን ሰው ይጠይቁ።

ማስታወቂያው አሳሳች ሆኖ ጉዳት ከደረሰብዎት ማስረጃውን አያጥፉ። ማስታወቂያውን በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ የተለዋወጡትን መልእክትና የክፍያውን ደረሰኝ ይያዙ፤ የመድኃኒቱን ጠርሙስና ማሸጊያም አይጣሉ። ማንበብ የሚቸግርዎ ከሆነ የሚያምኑትን ተማሪ ወይም የቀበሌውን ባለሙያ እንዲያግዝዎት ይጠይቁ። ከዚያም በአካባቢዎ ለሚገኘው የንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት፣ ፈቃዱን ለሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ማታለል ከተፈጸመም ለፖሊስ ያመልክቱ። ብዙ ሰው በኀፍረት ዝም ይላል፤ ዝምታው ግን ቀጣዩን ጎረቤት ለዚያው ማስታወቂያ አሳልፎ ይሰጠዋል።

በሬው የታመመበት አርሶ አደርና ልጁ ስልኩን ከማስቀመጣቸው በፊት እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ቢጠይቁ ምናልባት ለመርፌው የሚላከው ገንዘብ በኪሳቸው ይቀራል። በሬው ከሌሎቹ ተለይቶ ይታሰራል፤ ጎረቤቶችም ይነገራቸዋል፤ ልጁ ወደ ክሊኒኩ ይሄዳል። እርሻው ለጥቂት ሳምንታት በጎረቤት በሬ፣ በመቀናጆ ይገፋ ይሆናል። በስልኩ ማዶ ያለው ባለሙያ ሐቀኛ ከሆነ ደግሞ የሚነግራቸው ይህንኑ ነው።